ከመኪና ፋብሪካ የመጣው ዘዴ በጤና ጽሕፈት ቤት

የመኪና ፋብሪካ ጥፋቱን በዚያው ዕለት ያየዋል። በሩ አልገጥም ያለ መኪና እዚያው መስመሩ ላይ ቆሞ ራሱን ያጋልጣል። የጤና ጽሕፈት ቤት ጥፋት እንዲህ በቀላሉ አይታይም። ያልተከተበ ሕፃን መጥቶ በር ላይ አይቆምም፤ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ምናልባትም ወላጆቹ በተዛወሩበት ሌላ ወረዳ፣ በኩፍኝ ታሞ ይገኛል። ሥራው በደንብ ሲሠራ ደግሞ የሚታየው ውጤት ምንም ነገር አለመከሰቱ ነው። ላልተከሰተ ወረርሽኝ የሚያጨበጭብ የለም።

ታዲያ ለመኪና፣ ለስልክና ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የተፈለሰፉ የጥራት ማሻሻያ ዘዴዎች ለእንዲህ ያለው መሥሪያ ቤት ይበጃሉ? ጥያቄው በተለይ በአሜሪካ የካውንቲና የከተማ ጤና መምሪያዎች ውስጥ ላለፉት ሃያ ዓመታት ሲሞከር፣ ሲመሰገንና ሲታማ ቆይቷል። በእኛም አገር ቢፒአር፣ ቢኤስሲ፣ ካይዘን እየተባለ በሌላ በር ገብቷል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየቱ ይጠቅማል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የዘዴዎቹ ሐረግ የሚመዘዘው ከ1924 ነው። ለቤል የስልክ ድርጅት ዕቃ ያመርት በነበረው ዌስተርን ኤሌክትሪክ የተቀጠረው የፊዚክስ ባለሙያ ዎልተር ሼዋርት በዚያ ዓመት ለአለቃው አንድ ገጽ ማስታወሻ ላከ። ማስታወሻው ላይ ከላይና ከታች ወሰን የተሰመረለት ግራፍ ነበረበት። ማንኛውም ሥራ ከቀን ቀን ጥቂት ከፍ ዝቅ ይላል። በወሰኖቹ መካከል ያለው ከፍ ዝቅ የሥራው የራሱ ጠባይ ነውና ምክንያት ፍለጋ መባከን አያሻም፤ ከወሰኑ ያለፈ ዕለት ግን የተለየ ነገር ተፈጥሯልና ተከታትሎ ማግኘት ይገባል።

ይህን ያነበበ የአገራችን ጤና ባለሙያ የወር ግምገማው ትዝ ሳይለው አይቀርም። ባለፈው ወር 84 በመቶ የነበረው ሽፋን በዚህ ወር 81 ሆነ እንበል። «ለምን ቀነሰ?» ይባላል። የተጠየቀውም ምክንያት አያጣም፤ ዝናብ ነበር፣ በዓል ነበር፣ መኪና ተበላሽቶ ነበር። በሚቀጥለው ወር 85 ሲሆን ጭብጨባ ይከተላል። በሼዋርት ዓይን ከታየ ግን ተግሣጹም ጭብጨባውም መሠረት የላቸውም፤ ሥራው እንደወትሮው ነው የዋለው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ብዙ ጊዜ ስለተነገረ አጠር አድርጌ ልለፈው። የሼዋርትን ትምህርት የቀሰመው ኤድዋርድስ ዴሚንግ በ1950 ጃፓን ሄዶ ለመሐንዲሶችና ለኩባንያ ኃላፊዎች አስተማረ፤ በማግሥቱ ዓመት በስሙ የጥራት ሽልማት ተቋቋመለት። ታይቺ ኦኖ በቶዮታ ብክነትን ለይቶ የማስወገድን፣ ኋላ ሊን የተባለውን አሠራር አበጀ። አሜሪካኖች ዴሚንግን ያወቁት በ1980 በአንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ከታየ በኋላ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በ1986 ሞቶሮላ ሲክስ ሲግማ የሚባለውን አመጣ፤ ግቡ በአንድ ሚሊዮን ዕድል ከ3.4 ስሕተት አለመብለጥ ነው።

ወደ ሕክምናው የገባው በሐኪሞች እጅ ነው። አቬዲስ ዶናቤዲያን በ1966 የሕክምና ጥራት በግብዓት፣ በአሠራርና በውጤት እንዲመዘን ሐሳብ አቀረበ። የሕፃናት ሐኪሙ ዶናልድ በርዊክ በ1989 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን ባወጣው ጽሑፍ መጥፎ ሠራተኛ እያደኑ መቅጣት ጥራት እንደማያመጣ ተከራከረ፤ በ1991 ደግሞ የጤና አጠባበቅ ማሻሻያ ኢንስቲትዩትን ከባልደረቦቹ ጋር መሠረተ። ዛሬ በየሥልጠናው የምንሰማቸው ሦስት ጥያቄዎች የተስፋፉት በዚህ ኢንስቲትዩት በኩል ነው። ምን ልናሳካ እንፈልጋለን? ለውጡ መሻሻል መሆኑን በምን እናውቃለን? ምን ብንለውጥ ይሻሻላል? ከጥያቄዎቹ ቀጥሎ ማቀድ፣ በትንሹ መሞከር፣ የተገኘውን ማጥናትና መወሰን ይመጣሉ። ባለሙያዎቹ በአጭሩ ፒዲኤስኤ ይሉታል። የሲያትሉ ቨርጂኒያ ሜሰን ሆስፒታል አመራሮች በ2002 ቶዮታን ለማየት ጃፓን ድረስ ሄዱ። በኮሎራዶ የድሃው መጠጊያ የሆነው ዴንቨር ሄልዝም በ2005 ይህንኑ አሠራር ጀመረ። ዴንቨር በዚያን ጊዜ የከተማውን የሕዝብ ጤና ሥራ በዚያው ተቋም ሥር ይዞ ስለነበር ለጉዳያችን ቀረብ ያለ ነው።

ነገር ግን ሆስፒታል በሽተኛ አለው፤ አልጋ፣ ካርድ፣ የሚቆጠር ቀዶ ሕክምና አለው። የአሜሪካ አካባቢ ጤና መምሪያ ሥራ የተበታተነ ነው። ሬስቶራንት ይመረምራል፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ፈቃድ ይሰጣል፣ የልደት ምስክር ወረቀት ያትማል፣ ሳንባ ነቀርሳ የያዘውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ መድኃኒት ሲውጥ ያያል፣ ነፍሰ ጡሮችንና ሕፃናትን በምግብ ይደግፋል፣ ወረርሽኝ ሲነሳ ስልክ እየደወለ የተነካኩትን ያፈላልጋል። በአገሪቱ ከ2,000 በላይ እንዲህ ያሉ መምሪያዎች አሉ፤ አንዳንዱ በመቶዎች የሚቆጠር ሠራተኛ አለው፣ አንዳንዱ ጥቂት ነርሶችና አንድ ተቆጣጣሪ ብቻ። በ1988 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ባወጣው ዘገባ የሕዝብ ጤና ሥርዓቱ መዝረክረኩን በግልጽ ተናግሮ ነበር።

መምሪያዎቹን ወደ ጥራት ማሻሻያው የገፋቸው መመዘኛ ላሟላ መምሪያ የሚሰጠው እውቅና ነው። ሚሺጋን በ1990ዎቹ መጨረሻ የራሷን የእውቅና አሠራር ጀምራ ነበር፤ ሰሜን ካሮላይና በ2005 በሕግ ግዴታ አደረገችው። በዚያው ዓመት ሮበርት ውድ ጆንሰን ፋውንዴሽን በአምስት ግዛቶች የጀመረው የመማማሪያ ፕሮግራም በኋላ ወደ 16 ግዛቶች ሰፋ። በ2007 የሕዝብ ጤና እውቅና ቦርድ ተቋቋመ፣ በ2011 ማመልከቻ መቀበል ጀመረ፣ በየካቲት 2013 የመጀመሪያዎቹን 11 መምሪያዎች አጸደቀ። በቦርዱ መመዘኛ ውስጥ የጥራት ማሻሻያ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ስለነበረው እውቅና የፈለገ ሁሉ ዕቅድ መጻፍና የሠራቸውን ፕሮጀክቶች ማሳየት ግድ ሆነበት።

በተግባር ምን ተሠራ? አብዛኛው ፕሮጀክት ወረፋና ወረቀት ላይ ነው ያረፈው። የመጸዳጃ ጉድጓድ ፈቃድ ለምን ሳምንታት ይፈጃል? የሥራ ፍሰቱን ግድግዳ ላይ በወረቀት ሲለጥፉት ማመልከቻው ከሰው እጅ ይልቅ ሰው በሌለበት ጠረጴዛ ላይ ብዙ ቀን እንደሚያድር ይታያል። ቀጠሮ የተያዘላቸው እናቶች ለምን ይቀራሉ? ሲጠየቁ ቀጠሮው የሚሰጠው እነሱ ሥራ ላይ በሚሆኑበት ሰዓት ሆኖ ይገኛል። በእንዲህ ዓይነቱ ላይ ዘዴው ይሠራል፣ ክርክር የለውም። ጉዳዩ ቅርብ ነው፣ በየቀኑ ይደጋገማል፣ መፍትሔው በመሥሪያ ቤቱ እጅ ነው።

በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖረው ወገናችን የሚያውቀው ምሳሌም አለ። በዋሽንግተን ከተማ በ2004ቱ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ሕጉ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ስልክ የደወለች እናት አስተርጓሚ እስኪመጣ ስንት ደቂቃ ትጠብቃለች፣ ስንቷስ ተሰላችታ ትዘጋዋለች የሚለው ሌላ ነው። የቀሩ ቀጠሮዎችን በጥቅሉ የሚቆጥር መምሪያ ይህን አያይም። በቋንቋ ከፋፍሎ ሲቆጥር ነው አንዱ ማኅበረሰብ ከሌላው ተለይቶ ወደ ኋላ መቅረቱን የሚያውቀው። የጥራት ማሻሻያ ስለ ፍትሕ የሚናገረው ነገር ካለ ይህች ቆጠራ ናት።

ወረፋና ወረቀቱን ስናልፍ መንገዱ ይከብዳል። በ2014 በቢኤምጄ ኳሊቲ ኤንድ ሴፍቲ የታተመ የእነ ቴይለር ዳሰሳ ፒዲኤስኤ ተጠቀምን ያሉ 73 የጤና ጥናቶችን መርምሮ ነበር። ዘዴው ዋና ጠባዩ መደጋገም ነው፤ በትንሹ ሞክሮ፣ ተምሮ፣ አስተካክሎ እንደገና መሞከር። ተከታታይ ዙሮችን በተሟላ ሁኔታ መዝግበው የተገኙት 14ቱ ብቻ ናቸው። በዝርዝር ሊመረመሩ ከቻሉት 47 ጥናቶች ውስጥም በየወሩ ወይም ከዚያ በተቀራረበ ጊዜ የተለካ ቁጥር ያቀረቡት 7 ብቻ ነበሩ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ለመታተም የበቁት ናቸው። ስሙን ይዘው ነገሩን የተዉት ይበዛሉ ማለት ነው፤ ስለዚህ «ዘዴው አልሠራም» ከማለት በፊት መጀመሪያ ተሞክሮ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሌላው ተቃውሞ ደንበኛ የሚለው ሐሳብ ላይ ነው። ካይዘንም ሊንም ሲክስ ሲግማም ጥራትን የሚለኩት በደንበኛ ፍላጎት ነው። የሬስቶራንት ተቆጣጣሪ ደንበኛ ማን ነው? የሚያስተናግደው ባለቤቱን ነው፤ ባለቤቱ የሚፈልገው ቶሎ ተጨርሶ ፈቃዱ እንዲታደስለት ነው። ተቆጣጣሪው ባለቤቱን ካስደሰተ ነገ እዚያ የሚበላው ሰው ሊታመም ይችላል። ያ ተመጋቢ ደግሞ መጠይቅ አይሞላም። የ«ተገልጋይ እርካታ» መቶኛን እንደ ዋና መለኪያ የያዘ የቁጥጥር መሥሪያ ቤት ሥራውን ቀስ በቀስ ይረሳል፤ ይህን አደጋ የዘዴው አቀንቃኞች በበቂ ሁኔታ ያነሱት አይመስለኝም።

የበጀቱም ጉዳይ አለ። ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ የአሜሪካ አካባቢ ጤና መምሪያዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የሥራ መደቦች አጡ። የጥራት ማሻሻያው በሰፊው የተሰበከው በዚያው ወቅት ስለነበር ብዙ ሠራተኞች «ባነሰ ሰው ብዙ ሥሩ» የሚል መልእክት አድርገው ቢሰሙት አይፈረድባቸውም። ጥቂት ሠራተኛ ያላቸው የገጠር መምሪያዎች ደግሞ የእውቅናውን ወጪና ወረቀት ስለማይችሉት ከትልልቆቹ ኋላ ቀሩ። እርዳታው ይበልጥ ያስፈልጋቸው የነበሩት እነሱ ነበሩ።

አሁን ወደ አገራችን። በ2000ዎቹ አጋማሽና መጨረሻ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የነገሠው ቢፒአር ነው፤ መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ። ይህ ከአሜሪካዊው ማይክል ሐመር የ1990ዎቹ ሐሳብ የተቀዳ ሲሆን ነባሩን አሠራር አፍርሶ ከሥር እንደገና መገንባትን ይሰብካል። ካይዘን በተቃራኒው ያለውን ሳያፈርስ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማሻሻልን ያስተምራል። ካይዘን በጃፓን የልማት ትብብር ድርጅት ድጋፍ ከ2009 እስከ 2011 በ30 ኩባንያዎች ተሞክሮ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት። በመካከሉ ሥራን በሚዛናዊ መለኪያዎች የሚመዝነው ቢኤስሲ መጣ፤ ሠራተኛውን በቡድን የሚያደራጁት የለውጥ ሠራዊትና አንድ ለአምስትም ተከተሉ። ሁሉም «የለውጥ መሣሪያዎች» በሚል አንድ ከረጢት ውስጥ ገቡ። እርስ በርሳቸው የሚጣረሱ ሐሳቦች መሆናቸውን ለሠራተኛው ያስረዳው አልነበረም። አንዱ ሳይበርድ ሌላው ሲመጣ ያየ ሰው የሚመጣውን ሁሉ በሥልጠናና በአበል ይመዝን ጀመር። ለዚህ ሠራተኛውን መውቀስ ይከብደኛል።

ያም ሆኖ በጤናው ዘርፍ ደህና ደህና የተሠራ አለ። የ2010ሩ የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ከካርድ ክፍል ጀምሮ የዕለት ሥራውን መልክ አስያዘ። በ2012 የተጀመረው የሆስፒታሎች የጥራት ጥምረት ሆስፒታሎችን በየክላስተሩ አደራጅቶ የተሻለው ሌላውን እንዲያግዝ አደረገ። በ2016 የመጀመሪያው ብሔራዊ የጤና ጥራት ስትራቴጂ ወጣ። በርዊክ የመሠረተው ኢንስቲትዩትም ከጤና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ የአንድ ወረዳን ሆስፒታል፣ ጤና ጣቢያዎችና ጤና ጽሕፈት ቤት በአንድ መድረክ እያሰባሰበ በእናቶችና በጨቅላ ሕፃናት ሞት ላይ እንዲሠሩ አደረገ። ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የሚስማማው ይህ የመጨረሻው ይመስለኛል፤ ጽሕፈት ቤቱ ራሱ አያክምም፣ ሥራው በሚያክሙት መካከል ያለውን ክፍተት መድፈን ነውና።

አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ፤ የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ። አንዱ ብልቃጥ አሥር ዶዝ ይይዛል። ዱቄቱ ከውኃው ከተዋሐደ በኋላ ቢበዛ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። እናት ዘጠኝ ወር የሞላው ልጇን አዝላ ጤና ኬላ ትመጣለች። ሌላ ልጅ የለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ብልቃጡን ብትከፍት አንዱን ወግታ ዘጠኙን ልትደፋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለአንድ ልጅም ቢሆን ክፈቱ ይላል። ሪፖርቱ ላይ ግን የክትባት ብክነት የሚባል ዓምድ አለ፤ በግምገማው ቀን እሱም ይነሳል። ስለዚህ «ሐሙስ ነይ፣ ሐሙስ ሌሎችም ይመጣሉ» ትላታለች። እናት ሐሙስ ገበያ አላት፣ ወይ ታመመች፣ ወይ መንገዱ ራቃት። ልጁ ቀረ።

ይህን ታሪክ የትኛውም መዝገብ አያሳየንም። መዝገቡ የተከተበውን ይጽፋል፤ መጥቶ የተመለሰውን አይጽፍም። የጥራት ማሻሻያ ዘዴ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ሦስቱን ጥያቄዎች ከልቡ የጠየቀ ቡድን ሁለተኛው ላይ ሲደርስ «ሳይከተብ የተመለሰ» የሚል መስመር በእጁ አስምሮ መቁጠር ይገደዳል። ከዚያ በአንድ ጤና ኬላ ብቻ፣ ለአንድ ወር፣ በየጎጡ ዘጠኝና አሥራ አምስት ወር የሚሞላቸውን ሕፃናት ዘርዝሮ እናቶቹን በአንድ ቀን መጥራት ይሞከራል። ይሠራል? አይሠራም? በወሩ መጨረሻ ይታወቃል። ካልሠራ የጠፋው አንድ ወር ነው፤ በመላው ዞን በሰርኩላር ታውጆ ቢሆን ኖሮ ዓመት ይጠፋ ነበር።

ግን ቡድኑ የቱንም ያህል ቢተጋ አንድ ግድግዳ ይገጥመዋል። ብክነት ይቀንስና ሽፋን ይጨምር የሚሉት ሁለት ትእዛዞች በአንድ ብልቃጥ ላይ ይጋጫሉ፤ ይህን ግጭት ጤና ኬላ ላይ ያለች ሠራተኛ ልትፈታው አትችልም። «ለአንድ ልጅ ብለሽ ብትከፍቺ አትጠየቂም» ብሎ በጽሑፍ መስጠት ያለበት ወረዳው ወይም ክልሉ ነው። አምስት ዶዝ ብቻ የሚይዝ ብልቃጥም አለ፤ በዛምቢያ በተሞከረባቸው ወረዳዎች ሽፋኑ ከፍ ብሎ ታይቷል። ያ ውሳኔ ደግሞ ከወረዳም ከክልልም በላይ፣ ግዢው የሚፈጸምበት ቦታ ነው። ዴሚንግ ከችግሮች 94 በመቶው የሥርዓቱ እንጂ የሠራተኛው እንዳልሆነ ይገምት ነበር። ቁጥሩን እንደ ልኬት ባንወስደው እንኳ የብልቃጡ ታሪክ ከጎኑ ይቆማል።

ከዚህ ሁሉ በታች ያለው ትልቁ እንቅፋት የቁጥሩ እውነትነት ነው። የ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ12 እስከ 23 ወር ካሉት ሕፃናት ሁሉንም መሠረታዊ ክትባቶች ያገኙት 39 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። ሦስተኛውን ዙር ፔንታቫለንት ያገኙት 53 በመቶ ነበሩ። በዚያው ዘመን ከታች ወደ ላይ የሚሄዱት መደበኛ ሪፖርቶች ለዚሁ ክትባት ከ90 በመቶ በላይ ይሉ ነበር። ከፊሉ የአካፋዩ ችግር ነው፤ የሕፃናቱ ቁጥር የሚተመነው ከ2007ቱ የሕዝብ ቆጠራ ተነስቶ ስለሆነ ከመቶ በላይ ሽፋን «ያስመዘገበ» ወረዳ ማየት ብርቅ አይደለም። ከፊሉ ግን ዝቅተኛ ቁጥር ይዞ ግምገማ መግባት ስለሚያስፈራ ነው። 90 በመቶ የተባለበት ቤት ደግሞ ምን ይሻሻላል? ፒዲኤስኤም፣ የችግርን መንስኤዎች የሚዘረዝረው የዓሣ አጥንት ሥዕልም፣ ሥሩን ለማግኘት አምስት ጊዜ «ለምን» ማለቱም ችግር የለም ከተባለበት ቦታ መነሻ አያገኙም።

ዴሚንግ ለኩባንያ አመራሮች ከዘረዘራቸው 14 ነጥቦች መካከል ፍርሃትን ከሥራ ቦታ ማስወገድ፣ መፈክርን መተውና በቁጥር ኮታ መምራትን ማቆም ይገኛሉ። እኛ ዘዴውን ስንወስድ እነዚህን ሦስቱን ትተን ሰንጠረዡን ብቻ ነው የወሰድነው። አሜሪካኖቹም ከዚህ ነፃ አይደሉም፤ እውቅና ለማግኘት ተብሎ የተጻፈ የጥራት ዕቅድ ከግምገማ ለመዳን ከተጻፈ ሪፖርት ብዙም አይለይም። ልዩነቱ እዚያ የሐሰት ቁጥር ላለመጻፍ የሚያስችል ዋስትና በመጠኑ መኖሩ ነው።

ፍርዴን ልስጥ። ለወረፋ፣ ለካርድ፣ ለቀጠሮ፣ ለማቀዝቀዣ ሙቀት ክትትልና ለናሙና መላላኪያ እነዚህ ዘዴዎች ያለ ማመንታት ይበጃሉ። ለንጹሕ ውኃ እጦት፣ ለድህነት፣ ለደመወዝ መዘግየትና ለጦርነት አይበጁም፤ ለእነዚህም መፍትሔ ናቸው ብሎ መስበክ ዘዴዎቹን ማዋረድ ነው። በመካከል ላሉት፣ ክትባትን ለመሳሰሉት፣ የሚበጁት ታች ያለው ቡድን ሲሞክር ላይ ያለው አካል መመሪያውን ለመለወጥ ፈቃደኛ ከሆነ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለወረዳና ለዞን ጤና ኃላፊዎች አንድ ነገር ልጠይቅ። በሚመጣው ሩብ ዓመት ግምገማ ላይ ጤና ጣቢያዎችን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ደረጃ የሚደረድረውን ሰንጠረዥ አውጡት። በምትኩ እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ያልተሳካለትን አንድ ነገር፣ በየሳምንቱ ቆጥሮ፣ ይዞ ይምጣ። የመጀመሪያውን ሰዓት ለእሱ ስጡት፤ ከእናንተ በኩል የሚለወጥ መመሪያ ካለም እዚያው ተፈርሞ ይውጣ።